የፊት መቀመጫው አሸዋ

ኅዳር 7 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡00

የዛሬው ቤት መስቀል ፍላወር። አገር ለቀው የሚሄዱ ባልና ሚስት። ሳሎኑን አንዴ ዞርኩት፣ በቃኝ። አልጋው በአንድ ጎኑ ብቻ ጎድጉዷል። መጻሕፍቱ በሁለት ካርቶን ለየብቻ ታስረዋል። አብረው ወደ አንድ አገር አይሄዱም። ለእኔ ደህና ነው፤ የተለያዩ ባልና ሚስት ዋጋ ላይ አይከራከሩም።

ሙሉውን ገዛሁ። ደንቤ ነው። ፍሪጁን ብቻ የሚል ነጋዴ ፍሪጁን ያገኛል፣ ቀጣዩን ቤት ያጣል። እኔ አልመርጥም፤ የሚሸጠውን ከማይሸጠው ጋር አንስቼ፣ ባዶ ቤት አስረክቤ እወጣለሁ። አጀንዳዬ፣ ይህን የምጽፍብህ አንተስ እንዴት መጣህ? ካቻምና፣ ከመጋረጃ ዘንግ ጋር።

የዛሬው የማይሸጥ ዕቃ ቢጫ የፕላስቲክ ጀልባ ነው። ጠባብ፣ ረጅም፣ ከፊትና ከኋላ መቀመጫ ያለው። ካያክ ይሉታል። ከአይሱዙው ሲወርድ ካዛንቺስ በሙሉ ቆሞ አየ። ከጎኔ መጋረጃ የምትሸጠው ዘሃራ ሳቋ አላስቆም አላት። «እቴ ጽጌ፣ የግንፍሌን ወንዝ ልትሻገሪበት ነው?»

ኅዳር 11፣ ረቡዕ፣ ሱቅ

ባሌ ኃይሉ ጡረታ ከወጣ ሁለተኛ ወሩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት መ/ቤት፣ ያውም መዝገብ ቤት። አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቄ ይመጣል። ላግዝሽ ይላል።

ዛሬ አንዲት ሙሽራ ምድጃ ልትገዛ ደርሳ ነበር። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል። ኃይሉ ጉሮሮውን ጠረገና የግራው ዓይን እሳቱ ከፍ ሲል ይጠፋል አላት። ቦርሳው ተዘጋ። ልጅቷ ሄደች። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ኋላ ከሚቆጫት ብሎ ነው። ዘሃራ ከወዲያ ሆና ጮኸች፤ «ጋሽ ኃይሉን እኔ ጋ እንዳታመጪው! መጋረጃዬ በስንተኛው እጥበት እንደሚለቅ ያውቃል።»

የሚውልበት መፈለግ አለብኝ። ከጀልባው ጋር በሳጥን ተደርጎ የመጣ ካሜራ አለ። ሌንሱ ክንድ ያህላል፣ ቀለበቱ ስለሚይዝ ግን አይሸጥም። የወፎች መጽሐፍም አለ። ኃይሉ ልጅ ሆኖ ክረምቱን ዝዋይ አጎቱ ጋ ያሳልፍ ነበር። ጀልባውንም ካሜራውንም ውሰድና ሐይቅህ ላይ ተዝናና አልኩት። ጀልባውን እንደ ሙሽራ ዞሮ ዞሮ አየው። እኔም በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መታሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ሱቁም ሰላም፣ መጋዘኑም ባዶ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ካያኩ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ ሄደ። ረዳቱ ለጀልባ ታሪፍ የለንም ብሎ ተከራከረ፤ በፍራሽ ሒሳብ ተስማማን። ከመሳፈሩ በፊት ኃይሉ ነይ አለኝ። ሁለት መቀመጫ ነው፣ ነይ። ቅዳሜ የሚሄዱ ሰዎች ቤት የምገባበት ቀን መሆኑን ረሳኸው ወይ አልኩት። ተሳፈረ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ፊልም ታጥቦ ወጣ። በመንገዴ ስለሆነ ከጌቱ ፎቶ ቤት የማመጣለት እኔ ነኝ። ጉማሬ የሚለው ሁለት ጆሮና ሁለት ጉብታ ነው፤ ውኃ ላይ የተጣለ አሮጌ ጫማ ይመስላል። አንዷ ፎቶ ግን ጥሩ ናት። ፔሊካን ክንፉን ዘርግቶ ሊያርፍ ሲል፣ እግሮቹ ውኃውን ሲሰነጥቁት። ፍሬም ቢደረግላት ትሸጣለች አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ምን አጠፋሁ?

ጀልባውን ገመቹ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ግቢ አሳድሯል። በድጋሚ ነይ አለኝ። የኦሎምፒያው ቤት አለብኝ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬም ነይ አለ። በዚህ ወቅት ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች አሉ፣ ካለፉ አለፉ ነው። ለእኔም የሚሄዱ ሰዎች ካለፉ አለፉ ነው አልኩት። በቀልድ ነበር ያልኩት። አልሳቀም። ጫማውን አጠለቀ፣ ሄደ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ኃይሉ ባዶ ጆንያ ጠየቀኝ። ሸክላ ሳህን የታሸገበትን ሰጠሁት፤ «የሚሰበር» ብዬ በማርከር የጻፍኩበትን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ ሰው ሱቅ ውስጥ ነበር። ዛሬ ነይ አላለኝም። ተገላገልኩ።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ዕቃ እየጠፋ ነው። ትንሿ ማንቆርቆሪያ የለችም። የእንግዳ ብርድ ልብስ ከቤት ጠፋ። ከመጋዘን አንድ አረንጓዴ ሸራ ታጣፊ ወንበር፤ ጥንድ ነበሩ፣ አንዷ ብቻዋን ቀርታለች። ጥንድ ሲጎድል ያናድደኛል፣ የቀረችውን ማን ይገዛል? የማንንም ስም አላነሳሁም። የመጋዘኑን ቁልፍ ቀየርኩ፤ አንዱን ለኃይሉ ሰጠሁት። ማንን አምናለሁ ታዲያ?

ጥር 15፣ ሐሙስ፣ ማታ 1፡00

የቂርቆስ ንግሥ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሠፈሩ እንዳለ እኛ ቤት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቀን ኃይሉ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ትናንት ዝዋይ ሄዶ ለንግሥ ጠዋት እደርሳለሁ ብሎኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት። ሁሉም ጋሽ ኃይሉስ ይላል። ስምንት ላይ የዕድሩ ዳኛ ራሳቸው ጠየቁኝ። ባሌ ወፍ ሊያይ ሄደ ልበል? ለቅሶ ሄዶ ነው አልኩ።

ሌላ ቃል አጥቼ ነው። ሞኝነቴ የገባኝ አፌን ከዘጋሁ በኋላ። ዳኛው ከወንበራቸው ተነሡ። ማን ነው የሞተው? የአጎቱ ልጅ አልኩ። የት? ዝዋይ። ጠላ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ጥር 16፣ ዓርብ

እንደፈራሁት። አሥር ሰዓት ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ፤ ዳኛው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ጎረቤቶች። ያልሞተ ሰው ዕድሜ ጠየቁኝ። አርባ አምስት አልኩ። ልጆች አሉት? ሁለት አልኩ። ነጋዴ ነኝ፣ ከጀመርኩ አላቆምም።

በዚህ መሀል ኃይሉ በሩን ከፍቶ ገባ። አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ካሜራው አንገቱ ላይ፣ በእጁ በሣር የተንጠለጠሉ ሦስት ዓሣዎች። ሁሉም ተነሡለት። «እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉት ዳኛው። እኔን አየኝ። እነሱን አየ። ዓሣውን መሬት አስቀመጠ።

«አሜን» አለ።

ማን እንደሞተ አልጠየቀም። ተቀምጦ አብሮአቸው አንገቱን ደፋ። ሲሄዱ ነፋስ አግቶት እንደነበር ነገረኝ። የገረመኝ የእኔ ውሸት አይደለም፣ የሱ አሜን ነው። የምድጃውን እንከን ሳይናገር ያላስቻለው ሰው!

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ፎቶ ላመጣ ጌቱ ጋ ገባሁ። ሠላሳ ስድስት የሚያነሣ ፊልም፣ ሃያ ሰባት ፎቶ። የቀሩትስ አልኩት። ተቃጥለው ነው አለ፣ ጠረጴዛ እየጠረገ። ፊት ሳይሆን እጅ ነው የማየው እኔ፤ ንጹሕ ጠረጴዛ ነው የሚጠርገው። ኔጋቲቩን ስጠኝ አልኩት።

«እትዬ ጽጌ፣ እኔን በመሀል አያስገቡኝ።»

«የምን መሀል?»

«ጋሽ ኃይሉ ለብቻ ያዛቸው ናቸው። እሱ ራሱ ነው የሚወስዳቸው።»

ቆምኩ። ደንበኛ እስኪገባ ቆምኩ። ሰጠኝ።

ዘሃራ ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም። ሴት ናት፣ ወንድ ልጅ ለወፍ ብሎ አይጠፋም አለች። እኔም እንደዚያው አሰብኩ።

ጥር 19፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ኔጋቲቩን በመስኮቱ ብርሃን በማጉያ መነጽር አየሁት። ዘጠኝ ፎቶ። ሴት የለችም።

አንድ ክፍል ነው። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ በመስኮቱ በኩል ሐይቁ። የአንድ ሰው አልጋ። የእንግዳ ብርድ ልብሴ። ማንቆርቆሪያዬ። አረንጓዴው ወንበር ወደ ውኃው ዞሮ። በግድግዳው ላይ የፔሊካኗ ፎቶ፣ ፍሬም ተደርጋ።

አጀንዳዬ፣ ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሳነብ ኖሬያለሁ። ሁለተኛ ሸበጥ ፈለግኩ። መስታወት፣ ማበጠሪያ፣ የተሰቀለ ቀሚስ። ማጉያውን እያንቀሳቀስኩ ዘጠኙንም ሁለት ሁለቴ። አንድ ስኒ። አንድ ማንኪያ። አንድ ወንበር። የሚሄድ ሰው ቤት እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህ የሚገባ ሰው ቤት ነው። ብቻውን የሚገባ።

ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሴትን እሰድባለሁ፣ ሠፈሩም አብሮኝ ይሰድባል። ወንበርን ምን ይሉታል?

ጥር 23፣ ዓርብ

ነገ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። የቡና ስኒው ከንፈሩ ላይ ቆመ። ቅዳሜ እኮ ነው አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ሌላ አልተባባልንም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ ከዝዋይ መልስ፣ ማታ

በሌሊት አውቶቡስ ወጥተን ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። ገመቹ ደግ ሰው ነው፣ ተጫዋች። ክፍሉ እዚያው ግቢው ውስጥ ነው፤ በሩ ተዘግቷል፣ ኃይሉ ወደዚያ አላየም፣ እኔም አላየሁም።

ጀልባው ውኃው ዳር ተቀምጧል። የፊት መቀመጫው ላይ አንድ ነገር በገመድ ታስሯል። ጆንያ ነው። «የሚሰበር» ይላል፣ በእኔ ጽሕፈት። ገመቹ ፈታውና እያቃሰተ አወረደው። ውስጡ አሸዋ ነው።

«እንኳን መጡ እመቤት! ዛሬ አሸዋው ያርፋል።»

ገመቹ ምንም ሳይጠረጥር አስረዳኝ። ለሁለት ሰው የተሠራ ጀልባ ነው። ብቻውን ከኋላ የተቀመጠ ሰው የጀልባው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣበታል፣ ነፋስ ያሽከረክረዋል። ፊት ላይ ክብደት ያስፈልገዋል። እሱ ነው ምክሩን የሰጠው።

እኔ ገባሁበት። መቀመጫው በአሸዋው ቅርጽ ጎድጉዶ ነበር።

ውኃው ጸጥ ያለ ነው። ይህን ልጽፈው ይገባል፣ ቆንጆ ነው። ከውኃው ጋር እኩል ተቀምጦ ነው የሚኬደው፣ ሐይቁ ወገብ ላይ ይደርሳል። ፔሊካኖቹ በሰልፍ ይዋኛሉ፣ ሲያጎነብሱ እኩል ያጎነብሳሉ። ነጭ ራስ ያለው ንስር ደረቅ ግንድ ላይ ሆኖ ጮኸ፣ ወደ ኋላ አንገቱን ቀልብሶ። ኃይሉ ከጀርባዬ እያንሾካሾከ ስማቸውን ይነግረኛል። በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ቅጠል ላይ የምትራመድ ጣተ ረጅም ወፍ አሳየኝ። ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ይዞ የሚያሳድገው ወንዱ ነው፣ ሴቷ ትሄዳለች አለ።

«ካዛንቺስ ሱቅ ኖሯት ይሆናል» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ጀልባው ተንቀጠቀጠ። ለአንድ አፍታ ሁሉንም ልተወው አሰብኩ። ካሜራው ከጆሮዬ ኋላ ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማለሁ። እኔን ያነሣኝ ይሁን ንስሩን አላውቅም።

ወደ ሸምበቆው ስንጠጋ መቅዘፊያውን አጋድሞ የጀልባውን ጎን መታ። ኳ ኳ ኳ። ምንድን ነው አልኩ። ጉማሬ አለ። ጉማሬን የሚያስቆጣው ድንገት መድረስ ነው፤ መምጣታችንን አስቀድመን ከነገርነው ቦታ ይሰጠናል።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ወደ ኋላ መዞር አይቻልም፣ ጀልባው ይገለበጣል። ፊቴን ወደ ውኃው አድርጌ ነው።

«ክፍሉን አይቼዋለሁ። በኔጋቲቭ።»

መቅዘፊያው ቆመ።

«ሴት አለች?»

«የለችም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጽጌ፣ ድምፅሽን።»

ከፊታችን ሠላሳ ክንድ በማይሞላ ርቀት አራት ጆሮ ወጣ። አንደኛው አፍንጫውን አጸዳ። እንደሚተነፍስ የመኪና ጎማ ያለ ድምፅ። መጮህ አይቻልም። ተነሥቶ መሄድ አይቻልም። በር መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ ትዳራችንን በሹክሹክታ ጨረስነው።

መዝገብ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ኃይሉ እያሉ ጠሩኝ አለ፤ ፋይል አምጣ፣ ፋይል መልስ። ቤት ስገባ አንቺ ትጠሪኛለሽ፤ ዕቃ አንሣ፣ ዕቃ አውርድ። እዚህ ማንም አይጠራኝም። ክፉ ሆነሽ አይደለም አለ። ይህችን ሁለት ጊዜ ደገማት። ሦስት ጊዜ ነይ ብዬሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ብቻዬን መሆኑን ለመድኩት። ከለመድኩት በኋላ ወደድኩት።

«ለጉማሬው ታንኳኳለህ» አልኩት። «ለእኔ ግን አላንኳኳህም።»

ጆሮዎቹ አንድ በአንድ ጠለቁ። ኃይሉ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ቀዘፈ።

ዳር ስንደርስ ደንቤን ነገርኩት። መርጬ አልገዛም። ቀን እየቆረጠ የሚሰጠኝን ባል አልቀበልም። ሙሉህን ትመጣለህ ወይም ሙሉህን ትሄዳለህ። ሁለት ሳምንት አለህ። እሱ ቀረ፣ እኔ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ገመቹ ዓሣ ሰጥቶኝ ነበር። ሞጆ ላይ ለአጠገቤ ሴት ሰጠኋት።

ጥር 25፣ እሑድ

አጀንዳዬ፣ ወደ ኋላ ገለጥኩህ። ኅዳር 14፣ ኅዳር 28፣ ታኅሣሥ 12። ሦስት ነው። አልዋሸም። ከታኅሣሥ 12 በኋላ ደግሞ ጆንያው። «ተገላገልኩ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ በገዛ እጄ።

ዘሃራ ሽማግሌ ላኪ ትላለች። የዕድሩ ዳኛም በጎ ሰው ናቸው። ግን ሽማግሌ የተጣላ ነው የሚያስታርቀው። እኛ መቼ ተጣላን?

የካቲት 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ዕቃውን አሰናዳሁ። ሁለት ኮት፣ የሥራ ጫማዎቹ፣ ራዲዮው፣ የመ/ቤቱ የምስጋና ወረቀት፣ የአባቱ ዳዊት። የሌላ ሰው ዕቃ ቢሆን በአንድ ጊዜ ጭኜ እጨርሰው ነበር። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው፣ አራት ካርቶን።

አንድ ነገር ለማንም አልነገርኩም፣ ላንተ ብቻ። ያችን የቀረችውን አረንጓዴ ወንበር ከመጋዘን አመጣኋት። በሳሙና አጠብኳት፣ የላላውን ብሎን አጠበቅኩ። ከካርቶኖቹ አጠገብ አቆምኳት። ዘሃራ ሱቁን እንድትይዝልኝ ጠይቄያታለሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ብዬ። የት ልትሄጂ ነው አለች። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው። እሱ ነው የሚያውቀው። ያችን ወንበር አይቶ «ይህችስ?» ካለ እኔም እሄዳለሁ። ቅዳሜን እተዋለሁ። አንድ ቃል ነው የምጠብቀው። ነይ እንዲለኝ እንኳ አልጠብቅም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡00

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ኳ ኳ ኳ።

ቁልፍ አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን በር አንኳኩቶ አያውቅም፣ ከፍቶ ነው የሚገባው፤ ለቀስተኛ መሀል እንኳ ከፍቶ ነው የገባው። ወጥ ቤት ቆሜ ሰማሁት። መልሱን ከዚያው ከወጥ ቤት አወቅኩት። ቁልፍ ኖሮት የሚያንኳኳ ሰው እንግዳ ነው።

ከፈትኩለት። ይግቡ አልኩት። ምን እንዳልኩ ሁለታችንም ሰማን። ወንበር ሰጠሁት፣ ውኃ ሰጠሁት። በአይሱዙ ነው የመጣው፣ ሾፌሩ ታች ይጠብቃል። ሙሉዬን ልሄድ ነው አለ፣ ጽጌ ይቅር በይኝ። እሺ አልኩት። ደግሞም ጆንያውን አጥቦ መልሶልኛል፣ በአራት አጥፎ። ጽሕፈቱ ደብዝዟል፣ ይነበባል።

ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አወረደ። አራተኛውን አውርዶ ሲመለስ ወንበሯ ፊት ቆመ። አያት። እጁን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ብሎኑን ነካው፤ መጥበቁን ዓይኑ አየ፣ መዝገብ ቤት የኖረ ዓይን ምንም አያልፈውም። እኔ በሩን ይዤ ነበር። ልብሴን ለብሼ ነበር፣ የመንገድ ጫማዬን አድርጌ ነበር፣ ያንንም አይቷል።

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወንበሯ ላይ አስቀመጠ።

መኪናው እስኪታጠፍ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ዳኛው ከማዶ ምን ጉድ ነው ጽጌ ብለው ጠየቁኝ። ዛሬ አልዋሸሁም። ኃይሉ አገር ለቀቀ አልኳቸው።

አሁን አምስት ሰዓት ነው። ዘሃራ ሱቁን ይዛልኛለች፣ ስለዚህ ቀኑ አልባከነም። ስምንት ሰዓት ላይ ቀበና አገር ለቀው ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ቀጠሮ አለኝ፣ ቀጠሮው ካለፈ አለፈ ነው። የመንገድ ጫማዬን አላወልቅም። ወንበሯን በዚያው ሱቅ አደርሳታለሁ፤ ነጠላ ናት ብዬ ለሚገዛት ሰው አስቀድሜ እነግረዋለሁ።